«ሁሉም አልመጣም» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ጤና ይስጥልን። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍልዎ በሰሜን ሸዋ ሎጂክ የምናስተምር ሰዎች ነን። የምናነሳው ጉዳይ ለክፍል ትምህርት የተተወ ይመስላል፤ ነገር ግን በየዕለቱ በጋዜጣ ርእስ፣ በቀበሌ ማስታወቂያና በመናኸሪያ ግድግዳ ላይ የሚወሰን ነገር ነው። አንድን ዐረፍተ ነገር ትርጉሙ ሳይለወጥ በሌላ መልክ መናገር የሚቻለው መቼ ነው? የማይቻለውስ መቼ ነው?

«ሁሉም ወረዳዎች ሪፖርት አላቀረቡም» የሚል ርእስ ቢወጣ፣ አንዱ አንባቢ አንድም ወረዳ አላቀረበም ብሎ ይረዳዋል። ሌላው ደግሞ ያቀረቡም ያላቀረቡም አሉ ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም አማርኛቸው ትክክል ነው። «የሚያብረቀርቅ ሁሉ ወርቅ አይደለም» ሲባል ወርቅ የሚያብረቀርቅ መሆኑን የሚክድ ማንም የለም፤ እዚያ ላይ «ሁሉ… አይደለም» ማለት «ያልሆነም አለ» ማለት ነው። «ሁሉም ተማሪ አልመጣም» ሲባል ግን ብዙ ሰው ባዶ ክፍል ነው የሚታየው። በንግግር ጊዜ ድምፁ «ሁሉም» ላይ ጠበቅ ሲል ወይም ላላ ሲል እንለየዋለን። በኅትመት ላይ ድምፅ የለም።

ልዩነቱ እንዲሁ የአነጋገር ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤ ባልጻፍን ነበር። ከሁለቱ ትርጉሞች አንዱ በውስጡ ያሉት ቃላት ቦታ ሲለዋወጡ እውነቱን ይዞ ይቆያል፣ ሌላው ይፈርሳል። ስለዚህ መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ወደ ሌላ መልክ የለወጠ ሰው፣ ከእውነተኛ ዜና ተነስቶ ሐሰት ሊጽፍ ይችላል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዘመን አርስቶትል በሠራው መንገድ፣ ስለ ሁለት ነገሮች ግንኙነት የሚናገር ዐረፍተ ነገር ከአራት መልኮች በአንዱ ይገባል። ተማሪዎቻችን ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ ብለው የሚጠሯቸው ናቸው። ፊደሎቹ የመካከለኛው ዘመን መምህራን ከላቲኖቹ «አፊርሞ» (አረጋግጣለሁ) እና «ኔጎ» (እክዳለሁ) አናባቢዎች የወሰዷቸው ናቸው። በእኛ አገር በግ ምሳሌ እንያቸው። ኤ፦ «ሁሉም በግ እንስሳ ነው»። ኢ፦ «ምንም በግ ፍየል አይደለም»። አይ፦ «አንዳንድ በግ ነጭ ነው»። ኦ፦ «አንዳንድ በግ ነጭ አይደለም»። «አንዳንድ» በሎጂክ «ቢያንስ አንድ» ማለት ብቻ ነው። በገበያ «አንዳንዱ በግ ነጭ ነው» ያለ ሰው «ሌላው ግን አይደለም» የሚል ድምፅ ይተዋል፤ በሎጂክ ግን ያንን አልተናገረም፣ ከአፉም አይወሰድበትም።

እዚህ ላይ አማርኛ የራሱ ወጥመድ አለው። «ምንም በግ ፍየል አይደለም» በሚለው ውስጥ «ምንም»ም «አይደለም»ም አሉ፤ ክህደቱ ግን አንድ ነው። «ማንም አልመጣም» እንደምንለው ሁለቱ ተያይዘው የሚሄዱ የአንድ ክህደት ሁለት ጫፎች ናቸው። ትምህርቱን በእንግሊዝኛ የተማረ ልጅ ክህደቱን ሁለት ጊዜ ይቆጥርና ግራ ይጋባል። ስለዚህ «ምንም»ን ወደ «ሁሉም» የለወጠ ሰው «አይደለም»ንም አብሮ ወደ «ነው» መለወጥ አለበት (ክህደቱ ራሱ ወደ «ያልሆነ» እንደሚዛወር ከታች እናያለን)። አንዱን ትቶ አንዱን መንካት በፈተና ወረቀት ላይ ከምናያቸው ስሕተቶች ዋነኛው ነው።

ወደ ለውጦቹ እንግባ። የመጀመሪያው ኮንቨርዥን ነው፦ የምንናገርለትን ነገር (ባለቤቱን) እና ስለ እርሱ የምንለውን (መግለጫውን) ቦታ ማለዋወጥ። «ምንም በግ ፍየል አይደለም» ካልን «ምንም ፍየል በግ አይደለም» ማለት እንችላለን። «አንዳንድ በግ ነጭ ነው» ካልንም «አንዳንድ ነጭ ነገር በግ ነው»። ኢ እና አይ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ይናገራሉ። ኤ ግን አይገለበጥም፦ «ሁሉም በግ እንስሳ ነው» እውነት ነው፤ «ሁሉም እንስሳ በግ ነው» ግን ሐሰት። ኦም አይገለበጥም፦ «አንዳንድ እንስሳ በግ አይደለም» እውነት ነው፤ ተገልብጦ «አንዳንድ በግ እንስሳ አይደለም» ሲሆን ማንም እረኛ ይስቅበታል። አሁን ወደ ወረዳዎቹ ሪፖርት ይመለሱ። ርእሱ ኢ ከሆነ «ሪፖርት ካቀረቡት ውስጥ ወረዳ የለም» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ኦ ከሆነ ግን ይህ ከምንጩ ያልተነገረ አዲስ ወሬ ነው።

የኤ መገልበጥ በመናኸሪያ ላይ ምን እንደሚያደርግ እንመልከት። «ትኬት የያዘ ሁሉ ይሳፈራል» እና «ትኬት የያዘ ብቻ ይሳፈራል» የሚሉ ሁለት ማስታወቂያዎች በአንድ ቃል ብቻ ይለያያሉ። የመጀመሪያው ለትኬት ባለቤት የተሰጠ ቃል ኪዳን ነው። ሁለተኛው ለማንም ወንበር አይሰጥም፤ ትኬት የሌለውን ከበር ይመልሳል እንጂ። ሁለተኛው ወደ ኤ መልክ ሲመጣ «የሚሳፈር ሁሉ ትኬት የያዘ ነው» ይሆናል። ሕጉ ይህ ነው፦ «ብቻ» የተለጠፈበት ነገር መግለጫ ይሆናል፣ የቀረው ባለቤት፤ «ሁሉ» በባለቤቱ ላይ ይወድቃል። ወንበሮቹ ሞልተው ትኬት የያዘ ሰው ቢቀር የመጀመሪያው ማስታወቂያ ዋሽቷል፣ ሁለተኛው አልዋሸም። የተሳፋሪና የተራ አስከባሪ ጭቅጭቅ አንዳንዴ እዚህ ላይ ነው የሚነሳው፤ ሁለቱም የተጻፈውን አንብበዋል፣ አንዱ ግን ገልብጦ አንብቧል።

«ብቻ» የሚቀመጥበት ቦታም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። «ገብስ ብቻ የሚዘሩ ገበሬዎች ምርጥ ዘር ያገኛሉ» እና «ገብስ የሚዘሩ ገበሬዎች ብቻ ምርጥ ዘር ያገኛሉ» እንደ ቀንና ሌሊት ይራራቃሉ። ገብስም ባቄላም የሚዘራ ገበሬ በመጀመሪያው ምንም ቃል አልተገባለትም። ሁለተኛው አይከለክለውም፤ ግን ይሰጠዋልም አይልም። ማስታወቂያ የሚያረቅ ሰው «ብቻ»ን ከሚገድበው ቃል ቀጥሎ ማስቀመጡን ሳያረጋግጥ ማኅተም ባያሳርፍበት መልካም ነው።

ሁለተኛው ለውጥ ኦብቨርዥን ይባላል፤ በአራቱም መልኮች ላይ ይሠራል። ሁለት ነገር ይደረጋል፦ አዎንታውን ወደ አሉታ (ወይም አሉታውን ወደ አዎንታ) መለወጥ፣ ከዚያም መግለጫውን «ያልሆነ» በሚለው መተካት። የብዛት መጠኑ አይነካም። «ሁሉም በግ እንስሳ ነው» «ምንም በግ እንስሳ ያልሆነ አይደለም» ይሆናል። «ምንም በግ ፍየል አይደለም» «ሁሉም በግ ፍየል ያልሆነ ነው» ይሆናል። ከላይ ያነሳነው ወጥመድ እዚህ ይያዛል፦ «ሁሉም በግ ፍየል ያልሆነ አይደለም» ብሎ የጻፈ ተማሪ በጎቹን በሙሉ ፍየል አድርጓቸዋል። «አንዳንድ በግ ነጭ አይደለም» ደግሞ «አንዳንድ በግ ነጭ ያልሆነ ነው» ይሆናል፤ እዚህ ክህደቱ ከግሱ ወርዶ በስሙ ላይ ተቀመጠ እንጂ ሌላ ነገር አልተፈጠረም።

ዋናው አደጋ «ያልሆነ»ን በተቃራኒ ቃል መተካት ነው። «ደጋ ያልሆነ» ማለት «ቆላ» አይደለም። ከጣርማበር ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ይህን በእግሩ ያውቀዋል፤ ደጋው አልቆ ቆላው ሳይጀምር ወይና ደጋው በመካከል አለ። ከደጋ በላይ ደግሞ ውርጭ አለ። «ምንም የውርጭ ቀበሌ ደጋ አይደለም» የሚለውን «ሁሉም የውርጭ ቀበሌ ቆላ ነው» ብሎ የለወጠ ሰው የመንዝን ተራራ ወደ በረሃ አወረደው። «ሀብታም ያልሆነ» ድሃ አይደለም፣ «ያልተስማማ» ተቃዋሚ አይደለም፣ «ጥፋተኛ ነው ያልተባለ» ነፃ ነው የተባለ አይደለም። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በፍርድና በምርጫ ዘገባ ላይ የሰው ስም የሚያጠፉ ናቸው፤ ጋዜጠኞች እንዲጠነቀቁባቸው ከልብ እንለምናለን።

ሦስተኛው ኮንትራፖዚሽን ነው፤ ቦታውንም ማለዋወጥ፣ ሁለቱንም ቃላት በ«ያልሆነ» መተካት። የሚሠራው ለኤ እና ለኦ ብቻ ነው። ተማሪ ይህን በቃሉ ይይዘውና በፈተና ቀን ያዞረዋል። ከየት እንደመጣ ያወቀ ግን አይረሳውም፤ ሦስት እርምጃ ነው፦ ኦብቨርዥን፣ ኮንቨርዥን፣ እንደገና ኦብቨርዥን። በመንዝ ጓሳ የሚውለውን ጭላዳ እንውሰድ። «ሁሉም ጭላዳ ሣር በል ነው።» አንድ፦ «ምንም ጭላዳ ሣር በል ያልሆነ አይደለም።» ይህ አሁን ኢ ሆነ፣ ኢ ደግሞ ይገለበጣል። ሁለት፦ «ምንም ሣር በል ያልሆነ ነገር ጭላዳ አይደለም።» ሦስት፦ «ሣር በል ያልሆነ ነገር ሁሉ ጭላዳ ያልሆነ ነው።» ደረስን።

በኢ ላይ ቢሞከርስ? «ምንም ጭላዳ በግ አይደለም»ን በመጀመሪያው እርምጃ ስንለውጠው «ሁሉም ጭላዳ በግ ያልሆነ ነው» ይሆናል። ይህ ኤ ነው፤ ኤ አይገለበጥም፤ መንገዱ እዚያው ተዘጋ። በጉልበት ቢገፋበት «ምንም በግ ያልሆነ ነገር ጭላዳ ያልሆነ አይደለም» ይወጣል፤ ይህም በግ ያልሆነ ሁሉ ጭላዳ ነው ማለት ነው፣ ቀይ ቀበሮውም ላሙም ድንጋዩም ጭምር። በአይ ላይም እንዲሁ ነው፤ የመጀመሪያው እርምጃ ኦ ላይ ይጥለናል፣ ኦም አይገለበጥም። ምክንያቱን እንዲህ የተከተለ ተማሪ ሠንጠረዥ መሸምደድ አያስፈልገውም።

በየቢሮው የምንሰማው ስሕተት ግን ከእነዚህ ሁሉ ይቀላል፤ ቦታውን ሳይለዋውጡ ሁለቱንም መካድ ነው። «ግብሩን የከፈለ ሁሉ ክሊራንስ ያገኛል» የሚል መመሪያ ቢኖር፣ «ክሊራንስ ያላገኘ ሁሉ ግብሩን ያልከፈለ ነው» ትክክለኛ ውጤቱ ነው። «ግብሩን ያልከፈለ ሁሉ ክሊራንስ አያገኝም» ግን ከዚህ አይወጣም። ምናልባት በሌላ አንቀጽ ተጽፎ ይሆናል፤ ከሆነ ከዚያ አንቀጽ ይጠቀስ። በድሮው የተጠየቅ ሙግት ቢሆን እንዲህ ያለውን ቃል የተናገረ ሰው ባላንጣው በቃሉ ይይዘው ነበር።

እስካሁን ያልነው በየመማሪያው የሚገኝ ነው። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሳሳነው ግን አማርኛ ራሱ ከዚህ ሁሉ ቀለል ያለ መፈተኛ ስላለው ነው፤ «አለ» እና «የለም»። አራቱም መልኮች በእነዚህ ሁለት ቃላት ይነገራሉ። ኤ፦ «እንስሳ ያልሆነ በግ የለም»። ኢ፦ «ፍየል የሆነ በግ የለም»። አይ፦ «ነጭ የሆነ በግ አለ»። ኦ፦ «ነጭ ያልሆነ በግ አለ»። እንዲህ ሲነገሩ የሚገለበጠውና የማይገለበጠው ለጆሮ ይታወቃል። «ፍየል የሆነ በግ የለም» ያለ ሰው «በግ የሆነ ፍየል የለም» ማለቱን ማንም አያጣውም። «እንስሳ ያልሆነ በግ የለም» ተገልብጦ «በግ ያልሆነ እንስሳ የለም» ሲሆን ግን አህያዋ ራሷ ትመሰክራለች። ኦብቨርዥን የሚባለውም በዚህ መልክ ይጠፋል፤ «ምንም በግ እንስሳ ያልሆነ አይደለም» እና «ሁሉም በግ እንስሳ ነው» ሁለቱም «እንስሳ ያልሆነ በግ የለም» ናቸው። «አንዳንድ እንስሳ በግ አይደለም» የሚለው ኦ ኮንትራፖዚሽኑ «አንዳንድ በግ ያልሆነ ነገር እንስሳ ያልሆነ አይደለም» የሚል ምላስ የሚያስር ነገር ነው፤ በ«አለ» ሲነገር ግን «በግ ያልሆነ እንስሳ አለ» ሆኖ ከመነሻው ጋር አንድ ይሆናል።

የግስ ዐረፍተ ነገርም በዚሁ ይቀላል። «ትኬት የያዘ ሁሉ ይሳፈራል» ማለት «ትኬት ይዞ የማይሳፈር የለም» ነው። «ትኬት የያዘ ብቻ ይሳፈራል» ማለት «ትኬት ሳይዝ የሚሳፈር የለም» ነው። ሁለቱን እንዲህ ጎን ለጎን ያየ አያምታታቸውም። የግብሩም ነገር እንዲሁ ነው፦ «ከፍሎ የማያገኝ የለም» አንድ ነገር ነው፣ «ሳይከፍል የሚያገኝ የለም» ሌላ። «ከሕፃናት በስተቀር ሁሉም ይከፍላል» የሚለው ደግሞ ለሁለት መከፈል አለበት፦ «ሕፃን ሳይሆን የማይከፍል የለም»፣ «ሕፃን ሆኖ የሚከፍል የለም»። በአንድ መልክ ሊለወጥ አይችልም፤ ሁለት ዐረፍተ ነገር ነውና።

ይህ አካሄድ ለፈላስፎችም እንግዳ አይደለም። ፍራንዝ ብሬንታኖ እ.ኤ.አ. በ1874 አራቱም መልኮች «አለ» ወይም «የለም» ወደሚል ፍርድ እንደሚመለሱ ጽፎ ነበር። ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1880 ያስተዋወቃቸው እርስ በርስ የሚደራረቡ ክቦችም (እያንዳንዱ ክብ የአንድ ዓይነት ነገሮች ስብስብ ነው) የሚያሳዩት ይህንኑ ነው፦ ባዶውን ክፍል ማጥቆር ማለት «የለም»፣ ምልክት ማኖር ማለት «አለ»።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ መምህራን እንዳያልፉት። በአርስቶትል መንገድ ከ«ሁሉም ጭላዳ ሣር በል ነው» ተነስቶ «አንዳንድ ሣር በል ጭላዳ ነው» ማለት ይቻላል፤ የሚነገርለት ነገር መኖሩ ታምኖ ነውና የሚጀመረው። በሒሳብ ሊቁ በጆርጅ ቡል ስም በሚጠራው ዘመናዊ አነባበብ ግን አይቻልም፤ ከ«የለም» ውስጥ «አለ» አይወጣም። ልዩነቱ የት እንደሚያስፈልግ ጓሳ ያሳየናል። የመንዝ ሕዝብ ሣሩ ለክዳንና ለገመድ እስኪደርስ ድረስ ጓሳን ዘግቶ የመጠበቅ የቆየ ሥርዓት አለው። «ጓሳ ተዘግቶ ሳለ ሣር ያጨደ ሁሉ ይቀጣል» ከሚል ደንብ «ከሚቀጡት አንዳንዶቹ ሣር ያጨዱ ናቸው» ብሎ መዘገብ አይቻልም፤ ምናልባት አንድም ያጨደ የለም። ደንብ በተከበረ መጠን የሚናገርለት ክፍል ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ሕግ፣ መመሪያና ማስጠንቀቂያ ሲነበብ የቡልን መንገድ፣ መኖሩ ስለታወቀ በግና ጭላዳ ሲነገር ደግሞ የአርስቶትልን መንገድ መያዝ ይሻላል እንላለን። በፈተና ላይ ግን ጥያቄው የትኛውን እንደሚከተል በግልጽ መጻፍ የመምህሩ ግዴታ ነው፤ ሳይጻፍ ተማሪን ማረም በደል ነው።

እንግዲህ ከዝግጅት ክፍልዎ የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። «ሁሉም… አልተደረገም» የሚል ርእስ ሲቀርብ፣ ማንም ካላደረገ «አንድም… አላደረገም» ይባል፤ የተወሰኑት ብቻ ካላደረጉ «ያላደረጉ አሉ» ይባል፣ ቁጥሩ ከታወቀ ቁጥሩ ይግባ። ለጋዜጣ የተሰጠ መግለጫ ቃል በሌላ አነጋገር ሲቀርብ፣ አራሚው ሁለቱንም በ«አለ» ወይም በ«የለም» ጽፎ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸውና ይመልከት፤ ካልገጠሙ የመጀመሪያው ቃል እንዳለ ይታተም። ይህ ለአንድ ዐረፍተ ነገር ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም። በመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሎጂክ የሚማሩ ልጆችም የእንግሊዝኛውን ሠንጠረዥ ከመክፈታቸው በፊት በዚሁ በአማርኛቸው እንዲጀምሩ፣ መምህራን ባልደረቦቻችን ቢሞክሩት ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር
በሰሜን ሸዋ ሎጂክ የምናስተምር
ደብረ ብርሃን